ጠብታዋን አትናቋት፦ “ራሳችሁን አታድክሙ” ለተባሉ የመንታ እናቶች

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዞር ነበር። ለእኔም ሦስት ሰው ላከልኝ። ሁለቱ “አንቺ ምን ትያለሽ?” ብለው ነው። ሦስተኛዋ ምንም አልጠየቀችም፤ ብቻ ከሥሩ “እህቴ ዛሬ ሌሊት ወለደች፣ መንታ ናቸው፣ ልዩ ክትትል ክፍል ገብተዋል” ብላ ጽፋለች። ይሄን ምላሽ ያስጻፈኝ የእሷ መልእክት ነው።

ጽሑፉን ላላነበባችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ያለጊዜያቸው የተወለዱ መንታ ልጆች ላሏቸው እናቶች የተሰጠ ምክር ነው። እንዲህ ይላል፦ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ጡት ምንም ስለማይሰጥ አትልፉ፣ ወተቱ ሲመጣ ትጀምራላችሁ። ሌሊት ተኙ፣ ሲጠራቀም ያደረው ጠዋት ይበዛል። ከአንድ እናት ለሁለት ልጅ የሚበቃ ወተት አይገኝም፣ የዱቄት ወተቱም ያው ስለሆነ ከመጀመሪያው እሱን አስለምዱ። ማለብ ካማራችሁ ጠንካራ ፓምፕ ይኑራችሁ፣ ኃይሉንም እስከ መጨረሻው ክፈቱት። ፍሪጅ ያደረ ወተት ጥቅሙ አልቋል። በቱቦ የተመገበ ልጅ ጡት አይዝም። ልጆቹንም ከማሞቂያው እስኪወጡ ባትነኳቸው ይሻላል።

ጸሐፊዋ ክፉ ሰው እንዳልሆነች ያስታውቃል። የደከሙ እናቶችን አይታ አንጀቷ ተላውሶ ነው የጻፈችው። ግን እናትን ማሳረፍ ሌላ፣ እናትን ማሳሳት ሌላ። ሐኪም አይደለሁም። በ32 ሳምንት መንታ የወለድኩ፣ 41 ቀን ሙሉ በእጅም በፓምፕም ያለብኩ እናት ነኝ። ያኔ ነርሶቹ ያሳዩኝን፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ነገሩ አልለቀኝ ብሎ ያነበብኩትን ይዤ ነጥብ በነጥብ ልመልስላት።

“በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምንም አይወጣም።”

ይወጣል። ትንሽ ነው እንጂ ይወጣል። እንገር ነው። ወፍራም፣ ቢጫ፣ ጣት ላይ የሚጣበቅ ነገር ነው። በመጀመሪያው ቀን ሙሉ ተጠራቅሞ እንኳ በሻይ ማንኪያ ነው የሚለካው፣ ልጇ አጠገቧ ላለች ጤነኛ እናትም ቢሆን። ወተቱ መብዛት የሚጀምረው እንግዴ ልጁ ወጥቶ ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን ሲወርድ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ። በቀዶ ሕክምና የወለደች፣ ብዙ ደም የፈሰሳት፣ ስኳር ያለባት ወይም ያለጊዜዋ የወለደች ትንሽ ሊዘገይባት ይችላል። የመንታ እናት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከእነዚህ ሁለት ሦስቱን ደርባ ነው የምትገኘው። ስለዚህ መዘግየቱ እውነት ነው። ስህተቱ “ስለዚህ አትጀምሩ” የሚለው ላይ ነው።

የእኔን ልንገራችሁ። ማታ በኦፕራሲዮን ወለድኩ። አራት ሰዓት ያህል ቆይቶ አንዲት ሲስተር መርፌ የሌለው ትንሽ ሲሪንጅ ይዛ መጣች። “የመንታ እናት፣ እስቲ እንሞክር” አለችኝ። ሳቄ መጣ፤ ስስቅ ደግሞ ስፌቱ አመመኝ። እግሬ ገና አይንቀሳቀስም፣ ልጆቼን በወጉ አላየሁም፣ ይቺ ሴትዮ ወተት ትለኛለች። እጇን በሞቀ ውሃ አሙቃ መጣችና ቀስ እያለች ማሸት ጀመረች። ለደቂቃዎች ምንም የለም። ከዚያ ጡቴ ጫፍ ላይ እንደ ዶቃ ክብ ያለች ቢጫ ነገር ቁጢጥ አለች። በሲሪንጁ ሳብ አደረገቻት። ሌላ ዶቃ መጣ። ሁለቱንም ጡት ጨርሰን ሲሪንጁ ላይ 0.3 ሚሊ ሊትር ተነበበ። “ይሄንን ምን ልታደርጊው ነው?” አልኳት። “ለሁለት አካፍለዋለሁ” አለችኝ።

አካፈለችውም። ባለቤቴ ተከትሏት ሄዶ በስልኩ ቀርጾ አመጣልኝ። ትልቁ ልጄ ጉንጩ ውስጥ ጠብ ሲደረግለት ግንባሩን ቋጠረ። ትንሿ ምላሷን አወጣች፤ አወጣችና መለሰቻት፤ እንደገና አወጣች። ያንን ቪዲዮ ስንቴ እንዳየሁት አልነግራችሁም።

ያቺ ጠብታ ሆድ ለመሙላት አይደለችም። የልጁን አፍና አንጀት የሚሸፍኑ፣ ከጀርም የሚከላከሉ ነገሮች ተጨምቀው ያሉባት ናት። ያለጊዜው የተወለደ ልጅ ከእናቱ በደም የሚወርሰውን መከላከያ ሳይጨርስ ነው የወጣው። ጨጓራው ራሱ ገና ስለሆነ ሐኪሞቹ የሚጀምሩለት በጥቂት ሚሊ ሊትር ነው፤ ለእኔ ልጆች በየሦስት ሰዓቱ 3 ሚሊ ነበር። ስለዚህ “ጠብታ ለማን ይበቃል?” ለሚለው ጥያቄ መልሱ ጠብታ ለሚጠጣ ሰው ይበቃል ነው።

ሁለተኛው ጥቅም ለጡቱ ነው። ጡት ልጅ እንዳለ የሚያውቀው ሲታዘዝ ብቻ ነው። ልጁ አጠገብ ከሌለ የእናቲቱ እጅ ነው የሚያዘው። ለዚህ ነው ከተወለዱ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰዓታት ውስጥ፣ ከተቻለም ከዚያ ቀድሞ እንዲጀመር የሚመከረው። እ.ኤ.አ. በ2009 ጄን ሞርተን የተባለች ሐኪምና ባልደረቦቿ ያለጊዜያቸው የወለዱ እናቶች ላይ ያሳተሙት ጥናት አለ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ፓምፑን ሳይተዉ በቀን ከአምስት ጊዜ በላይ በእጃቸውም ያለቡት ከሳምንታት በኋላ ከሌሎቹ የበለጠ ወተት ነበራቸው። ከሳምንታት በኋላ! የሦስት ቀን ሥራ ነው ያን ያህል የሄደው። ጸሐፊዋ “ዕረፉባቸው” የምትላቸው ቀናት እነዚሁ ናቸው።

እንዴት እንደሚደረግም ጽሑፉ ስለዘለለው እኔ ልበል። አውራ ጣታችሁን ከጡቱ ጫፍ ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ራቅ አድርጋችሁ ከላይ፣ ሌሎቹን ጣቶች ከታች በትይዩ ታሳርፋላችሁ። መጀመሪያ ወደ ጎድን አጥንታችሁ ገፋ፣ ከዚያ ጣቶቹን እርስ በርስ ጨመቅ፣ ከዚያ ለቀቅ። ገፋ፣ ጨመቅ፣ ለቀቅ። ጣት ቆዳው ላይ አይንሸራተት፣ ጫፉንም አትጎትቱት፤ ጎትቶ የሚመጣ ነገር የለም፣ መቁሰል ብቻ ነው። መፍሰሱ ቀዝቀዝ ሲል ጣታችሁን ዞር አድርጋችሁ ከሌላ አቅጣጫ ትቀጥላላችሁ። ካመማችሁ አያያዙ ልክ አይደለምና ሲስተሯን ጥሩ። በመጀመሪያ ቀናት ፓምፕ ብቻ ብትጠቀሙ ያቺ ወፍራም ጠብታ ፕላስቲኩ ላይ ተለጥፋ ትቀራለች፤ ከሲሪንጅ ግን አንዷም አታመልጥም።

“ሌሊት ተኙ፣ ተጠራቅሞ ጠዋት ይበዛል።”

ይሄ ምክር ሲሰሙት ደስ ይላል። እኔም ደስ ብሎኝ አንድ ሁለት ሌሊት ሞክሬዋለሁ። ጠዋት ጡቴ ድንጋይ ሆኖ ነቃሁ፤ የዚያን ዕለት ጠዋት በርግጥ በዝቶ ወጣ። በሦስተኛው ቀን ግን ደብተሬ ላይ የቀኑን ድምር ስደምረው ወርዶ አገኘሁት።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ጡት ጎተራ አይደለም። ሞልቶ የቆየ ጡት “ፈላጊ የለም” ብሎ ሥራውን ይቀንሳል፤ ወተቱ ውስጥ ራሱ ማምረቱን የሚገታ ምልክት አለ። ባዶ የሆነ ጡት ደግሞ ቶሎ ቶሎ ይሠራል። ፕሮላክቲን የተባለው ወተት የሚያሠራ ሆርሞን ከፍ የሚለውም ሌሊት፣ እናቲቱ በምትተኛበት ሰዓት ነው። አራስ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል፤ አላቢዋም ያንን ነው የምትተካው። ከስምንት ባይወርድ፣ አንዱ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ቢሆን።

ሰዓቱ ግን እንደ ባቡር እኩል መሆን የለበትም፣ ይሄን ማንም ባለመናገሩ እናቶች ይሰቃያሉ። እኔ ጠዋት 12፣ 3፣ 6፣ 9፣ ማታ 12፣ ሁለት ተኩል፣ ከሌሊቱ 5 ሰዓት እና 9 ሰዓት ነበር የማልበው። ከ5 እስከ 9 ያለው አራት ሰዓት የእኔ ነበር። ስልክ አላነሳም፣ የጠያቂ ወሬ አልሰማም። የ9 ሰዓቷን ስጨርስ ዕቃውን የሚያጥበው ባለቤቴ ነው፤ እኔ ገና ክዳኑን ሳልገጥም ዓይኔ ይከደናል። እናትን ማሳረፍ የፈለገ ሰው እቃ ይጠብ። ወተቱን ያጓጉዝ። ስልኳ ላይ የሚደውሉትን ዘመዶች ያናግርላት። ይሄ ሁሉ እያለ የመጀመሪያው መፍትሔ የሌሊቷን ማለብ መሰረዝ የሚሆነው ለምንድነው?

በነገራችን ላይ ከሁለት ሳምንት በኋላ ወተቱ በደንብ ከጸና ከስምንት ወደ ሰባት ወይም ስድስት ዝቅ ማለት የሚችሉ ብዙ ናቸው፤ ድምሩን እያዩ ነው። ልፋቱ ዘላለማዊ አይደለም። ችግሩ መጀመሪያ ላይ ሲታጠፍ ነው።

“ለሁለት የሚበቃ አይገኝም።”

እስቲ እንደምረው። ያለጊዜው የተወለደ ልጅ በደንብ መመገብ ሲጀምር በኪሎ ወደ 150 እና 160 ሚሊ ሊትር በቀን ይፈልጋል። የእኔ ልጆች 1.6 እና 1.4 ኪሎ ነበሩ፤ አንድ ላይ 3 ኪሎ። ሦስት ሲባዛ በ160፣ 480 ሚሊ ሊትር። ለሁለቱም፣ ለሙሉ ቀን! ግማሽ ሊትር አልሞላም። በወጉ ጊዜውን ጠብቆ የተወለደ አንድ ልጅ ያላት እናት ከዚህ የበለጠ ታጠባለች። እዚያም ላይ የሚደረሰው ቀስ በቀስ ነው፤ ሐኪሞቹ ሲጨምሩ ወተቱም ይጨምራል።

ታዲያ ለምንድነው ነርሶቹ በሁለተኛው ሳምንት ወደ 750 ሚሊና ከዚያ በላይ ለመድረስ ሞክሪ የሚሉት? ልጆቹ ስለሚያድጉ ነው። እያንዳንዳቸው 2.5 ኪሎ ሲሞሉ አንድ ላይ 5 ኪሎ ናቸው፣ ያኔ 750 እና 800 ይፈልጋሉ። ጡት ደግሞ አቅሙን የሚያሳየው በእነዚያ የመጀመሪያ ሳምንታት ስለሆነ ዛሬ ለነገ ማለብ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት ላይ መንታ የሚያጠቡ ስምንት እናቶች ተለክተው ነበር። ከፍተኛዋ በቀን ከ2 ሊትር በላይ ትሰጥ ነበር። ሦስት ልጅ ታጠባ የነበረች አንዲት ደግሞ ወደ 3 ሊትር ደርሳለች። ሁሉም ሰው እዚያ ይደርሳል አላልኩም። “አይገኝም” የሚለው ቃል ግን ውሸት ነው።

እውነቱን ለመናገር የማይበቃቸው እናቶችም አሉ። ጡታቸው ላይ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው፣ የሆርሞን ችግር ያለባቸው፣ የእንግዴ ልጅ ቅሪት ማህፀናቸው ውስጥ የቀረ፣ ወተት የሚሠራው የጡት ክፍል ከመነሻው ያላደገላቸው። እነዚህ ሰነፎች አይደሉም። ድምሩ በሳምንቱ መጨረሻም ካልጨመረ ለሐኪም መናገር ነው፣ ራስን መውቀስ አይደለም። ለልጆቹ ደግሞ ግማሹ የእናት ወተት መሆኑ ከምንም አለመሆን በብዙ ይሻላል። ሁሉም ወይም ምንም የሚባል ነገር ከየት እንደመጣ አላውቅም።

“የዱቄት ወተትም ያው ነው።”

ዘጠኝ ወር ሞልቶ ለተወለደ፣ ደህና ለሆነ ልጅ ስለዚህ መከራከር ይቻላል፤ ዛሬ አልገባበትም። 1.4 ኪሎ ለሆነች ልጅ ግን ያው አይደለም። ሐኪሞቹ በአጭሩ ኔክ የሚሉት ያለጊዜያቸው የተወለዱ ልጆችን አንጀት የሚያቆስል፣ አንዳንዴም የሚበሳ በሽታ አለ። በቀናት ውስጥ ሊገድል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1990 ሉካስና ኮል የተባሉ ተመራማሪዎች ዘ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ያወጡት ከ900 በላይ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ልጆችን የተከታተለ ጥናት፣ የዱቄት ወተት ብቻ በወሰዱት ላይ ይሄ በሽታ የጡት ወተት ብቻ ከወሰዱት ከ6 እስከ 10 እጥፍ በዝቶ አግኝቷል። ይሄ “የእናት ፍቅር” ምናምን የሚባል ነገር አይደለም። አንጀት ነው።

ለዚህም ነው የእናቲቱ ወተት እስኪደርስ ወይም ጨርሶ ካልደረሰ፣ በሚገኝበት ቦታ ሐኪሞች ቀድመው የሌላ እናት ተመርምሮ በሙቀት የታከመ ወተት የሚፈልጉት። የወተት ባንክ አዲስ ፈጠራ አይደለም፣ የመጀመሪያው ቪየና ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1909 ነው የተከፈተው። እሱም ከሌለ የዱቄት ወተት ይሰጣል፤ ልጅ አይራብም። መርዝ ነው የሚል ሰው ካለ እሱንም እቃወማለሁ። ግን “መጨረሻ ላይ ያለ አማራጭ” እና “ከመጀመሪያው አስለምዱ” በጣም ይለያያሉ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ እናት ስለምትደነግጥበት። ከ1.5 ኪሎ በታች ለሆኑ ልጆች ሐኪሞቹ በእናት ወተት ላይ ማጠናከሪያ ሊጨምሩ ይችላሉ፤ ፕሮቲን፣ ካልሲየም፣ የመሳሰሉትን። ለትንሿ ሲጨመርላት “ወተቴ ውሃ ሆኗል ማለት ነው?” ብዬ አለቀስኩ። አልነበረም። ልጅቷ ማህፀን ውስጥ ሆና በእንግዴ ልጁ በኩል ልትወስደው የነበረውን ነው በአጭር ጊዜ ሊያካክሱላት የሚሞክሩት።

“ጠንካራ ፓምፕ፣ እስከ መጨረሻው ኃይል።”

ቶሎ ልለፈው። የኃይሉ መጠን የሚያም ከሆነ በዝቷል። ሕመም ደግሞ ኦክሲቶሲንን፣ ማለትም ወተቱን ወደ ውጭ የሚገፋውን ሆርሞን ያግደዋል። ስለዚህ ኃይል ጨምረሽ ወተት ትቀንሻለሽ። ከኃይሉ ይልቅ ጡት ላይ የሚያርፈውን የፈንገሉን ስፋት እዩ። የጡቱ ጫፍ ግድግዳውን እየታከከ ከሆነ ጠቧል፣ ጠቆር ያለው ክብ ጭምር ተስቦ የሚገባ ከሆነ ሰፍቷል። ለእኔ የተሰጠኝ ሰፊ ነበር፤ ቆስዬ ሳምንት ካለፈ በኋላ ነው አንዷ ነርስ አይታ “ኧረ ይሄ ያንቺ ልክ አይደለም” ያለችኝ። በቀየርኩት ማግስት ቁስሉም ጋብ አለ፣ ወተቱም ጨመረ። ሁለቱን ጡት አንዴ የሚያልብ ፓምፕ ከተገኘ ለመንታ እናት ጊዜዋን በግማሽ ይቀንስላታል። እያለበ ሳለ በእጅ ማሸት፣ ሲጨርስ ደግሞ ሁለት ሦስት ደቂቃ በእጅ መጨረስ ነው። መጨረሻ ላይ የምትወጣዋ ቅባት የበዛባት ናት፣ ኪሎ የምታስጨምረዋ እሷ ናት።

“ፍሪጅ ያደረ ወተት ጥቅሙ አልቋል።”

አላለቀም። ትኩሱ ይበልጣል፣ ይሄ ልክ ነው፤ ሲቀዘቅዝ፣ በተለይ ሲበርድና በረዶ ሲሆን ከመከላከያዎቹ የተወሰነው ይቀንሳል። የቀረው ግን ብዙ ነው። ከ25 ዲግሪ ባልበለጠ ክፍል ውስጥ እስከ 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል፤ ልዩ ክትትል ክፍሎች ብዙ ጊዜ ከዚህ ያጠብቁታል፣ የእነሱን ሕግ ተከተሉ። ከበረዶ የቀለጠ በ24 ሰዓት ውስጥ ያልቃል፣ ተመልሶ በረዶ አይሆንም። ማይክሮዌቭ በፍጹም፤ እኩል አያሞቅም፣ አንዱ ቦታ ያቃጥላል። ዕቃው ከእያንዳንዱ ማለብ በኋላ በሳሙና፣ ለብቻው በተቀመጠ ሳህን ይታጠባል፣ በቀን አንዴ ደግሞ ይቀቀላል ወይም በእንፋሎት ይጸዳል።

ስም፣ ቀን፣ ሰዓት መጻፍን አትርሱ። እኔ አንዴ ሰዓት ሳልጽፍ ሰጠሁ። 35 ሚሊ ሊትር። የሌሊት 9 ሰዓቷ ነበረች፣ እንቅልፍ ይዞኝ። ጠዋት ስሄድ “ሰዓት ስለሌለው ደፍተነዋል” አሉኝ። ሕጋቸው ነው፣ ልጆቼን ለመጠበቅ ነው፣ ይገባኛል። ግን የደፋችው ልጅ ስትነግረኝ ስልኳን እያየች ነበር፤ እሱ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ልጅ አለቀስኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምልክቱን ሳልለጥፍ ማለብ አልጀምርም፤ ለትልቁ ሰማያዊ ፕላስተር፣ ለትንሿ ቢጫ።

“በቱቦ የጀመረ ጡት አይዝም።”

ልጆቹ በቱቦ የሚመገቡት ጡት ስለጠሉ አይደለም። መጥባት፣ መዋጥና መተንፈስን አቀናጅቶ መሥራት በእርግዝና ዕድሜ ሲቆጠር ከ32 እስከ 34 ሳምንት አካባቢ ነው መምጣት የሚጀምረው፣ የሚጸናው ደግሞ ከዚያም በኋላ ነው። እስከዚያ ቱቦው መንገድ ብቻ ነው። እየጠበቃችሁ ግን ባዶ እጃችሁን አትቀመጡም። ጡቱን አልባችሁ ባዶ ካደረጋችሁ በኋላ ልጁን ታስጠጉታላችሁ። ይልሳል፣ ያሸታል፣ አንዴ ሁለቴ ሳብ አድርጎ ይተኛል። ወተት ስለሌለው አይታነቅም። በቱቦ ሲመገብ ጡት ላይ ከሆነ ደግሞ ጥጋብና ጡት አንድ ላይ እንደሚመጡ ይማራል።

ትልቁ ልጄ በ35 ሳምንቱ አካባቢ አንድ ቀን ዝም ብሎ ያዘና ጠባ፣ እንደ ድሮ የሚያውቀው ነገር። ትንሿ ሦስት ሳምንት አንገላታችኝ። ትይዛለች፣ ትተኛለች። ጉንጯን እነካለሁ፣ ትነቃለች፣ ትተኛለች። ቤት ከገባን በኋላም ግማሹን በታለበ ነበር የምትወስደው። መንታ ስለሆኑ አንድ ዓይነት ይሆናሉ ብላችሁ አትጠብቁ። ያልያዘውን “ሰነፍ” አትበሉት፤ በዕድሜ ቆጠራ ገና ማህፀን ውስጥ መሆን የነበረበት ልጅ ነው።

“እስኪወጡ አትንኳቸው።”

እዚህ ላይ ነው በጣም የተናደድኩት። ልጅን ደረት ላይ፣ ቆዳ ለቆዳ አድርጎ ማቀፍ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ቦጎታ፣ ኮሎምቢያ ውስጥ ማሞቂያ ሲያጥራቸው ኤድጋር ሬይ ሳናብሪያ የተባለ ሐኪም የጀመረው ነገር ነው። የቸገረው ያመጣው ዘዴ ሆኖ ተጀምሮ ማሞቂያ ሞልቶ የተረፋቸው አገሮችም ወሰዱት። እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ጤና ድርጅት አስተባባሪነት በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ የተካሄደ ጥናት ውጤት ወጣ። የተጠኑት ከ1 ኪሎ ጀምሮ 1.8 ኪሎ ያልሞሉ ልጆች ናቸው። እስኪረጋጉ ሳይጠበቅ ወዲያው እናታቸው ላይ በሆኑት፣ በ28 ቀን ውስጥ የሞቱት 12 በመቶ ነበሩ፤ እስኪረጋጉ በተጠበቁት 15.7 በመቶ። ልዩነቱ ግልጽ ስለሆነ ጥናቱ ከታሰበለት ጊዜ በፊት ነው የቆመው። በየትኛው ሰዓት፣ በምን ሁኔታ የሚለውን ሐኪሞቹ ይወስናሉ፤ መተንፈሻ ላይ ያለ ልጅ የራሱ ጥንቃቄ አለው። ግን መጠየቅ የእናት ሥራ ነው። አባትም ማቀፍ ይችላል።

እኔ መጀመሪያ ያቀፍኳት ትንሿን ነው፣ በአምስተኛው ቀን። ዳይፐርና ኮፍያ ብቻ አድርጋ፣ ሽቦዎቿ ተንጠልጥለው፣ እንደ እንቁራሪት እግሯን አጥፋ ደረቴ ላይ ተለጠፈች። ሞኒተሩ ላይ ስትንጫጫ የነበረችው ቁጥር ቀስ እያለች ተረጋጋች። ከ20 ደቂቃ በኋላ ልብሴ ረጠበ። ማንም ጡቴን አልነካውም፣ ፓምፕ የለም፣ ወተቱ ራሱ ወረደ። የዚያን ቀን ማታ ሳልብ የወጣው እስከዚያ ቀን ካለብኩት ሁሉ ይበልጥ ነበር። መያዝ ካልተቻለ ልጁ የተኛበትን ጨርቅ ይዞ መጥቶ እያሸተቱ ማለብም አንድ ነገር ነው፤ እኔ ሁለት ጨርቅ ጡት መያዣዬ ውስጥ አድርጌ አድር ነበር፣ ጠዋት እቀይራለሁ። ለሰው ሲነገር ያሳፍራል፣ ይሠራል ግን።

ጸሐፊዋ የተናገረችው አንድ ትክክል ነገር አለ፣ ሳልጠቅሰው ባልፍ ነውር ነው። “ብትወዳቸው ኖሮ ታልብ ነበር” የሚሉ ሰዎች እናቶችን እየገደሉ ነው ትላለች። እውነቷን ነው። እኔም ሰምቼዋለሁ፣ ያውም ከቅርብ ሰው። ሞክራ፣ ደክሟት፣ አውቃ በቃኝ ያለች እናት ማንም ላይ ዕዳ የለባትም። እንቅልፍ እምቢ ካላት፣ ማልቀሱ ካላቆመላት፣ ልጆቿን ማየት ካስጠላት ደግሞ ጉዳዩ ወተት ሳይሆን የእሷ ጤና ነውና ዛሬውኑ ለሐኪም ይነገር። ግን አውቃ ትወስን። “ምንም አይወጣም” ተብላ ሦስት ቀን ተኝታ፣ በሁለተኛው ሳምንት ወተቷ ሲያንስ “አይ፣ ድሮም አልነበረኝም” ብላ የምትቀር እናት ወሰነች አይባልም። ተወሰነባት።

እህቷ መንታ ለወለደችው ለሦስተኛዋ ላኪ ይሄን ሁሉ አልጻፍኩላትም። በዚያ ሰዓት ማን ያነባል። “ስንት ሰዓት ሆናት?” አልኳት። “አምስት” አለችኝ። “ነርሷን መርፌ የሌለው ባለ 1 ሚሊ ሲሪንጅ ጠይቁ፤ እጅሽን ታጠቢና አሙቂ። አሁን ሂጂ፣ ሌላውን ስትመለሺ እነግርሻለሁ” ብዬ ላክሁላት።

ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ፎቶ መጣ። ሲሪንጅ ነው። ከታች፣ ከመጀመሪያዋ መስመር ትንሽ ከፍ ብላ፣ ቢጫ ነገር አለች።